ሻሹ የታለ? ኮሚክን ወደ አሮጌ የኢ-መጽሐፍ ፋይል ስንቀይር ምን ይጠፋል?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ባለ 24 ገጽ ኮሚክ ሠራች። ኮሚክ ስል በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሎ፣ በሥዕልና በአጫጭር ንግግር የሚተረክ ታሪክ ማለቴ ነው። የእነሱ ታሪክ ስለ አንዲት የጠፋች ልጅ ነው። ዋናው ፍንጭ ያለው ገጽ 17 ላይ ነው፦ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ቀይ ሻሽ። ፈላጊዎቹ ሻሹን አይተው ነው መንገዱን የሚያውቁት።

የመጀመሪያ አንባቢዋ እንዲሆኑ የፈለገችው አያቷን ነበር። እሳቸው ደግሞ የስልክና የኮምፒውተር ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚያደክማቸው ብዙም አይወዱትም። ደግነቱ ከዓመታት በፊት ልጃቸው ከአሜሪካ ያመጣላቸው አሮጌ ኪንድል አለቻቸው። ስክሪኗ ወረቀት ስለሚመስል በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያነቡባታል። ችግሩ ምንድን ነው? ኪንድሏ ኮሚኩ ያለበትን ፋይል አታውቀውም። ፋይሉ «ሲቢዜድ» ነው። እሷ የምታውቀው ደግሞ «ሞቢ» የሚባለውን የቆየ የኢ-መጽሐፍ ፋይል ነው።

«ቀላል ነው» አለች የእህቴ ልጅ። በነፃ የሚገኝ መቀየሪያ ፕሮግራም አወረደች፣ አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ በቃ ተቀየረ። አያቷ ገጽ በገጽ እያዩ ሄዱ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጎበዝ ልጄ፣ ሥዕሉ ያምራል። ግን ልጅቷን በምን አገኟት? ፊደሉም ይደባለቅብኛል» አሏት። እሷም ገጽ 17ን ከፍታ «ይኸው ሻሹ!» ልትል ስትል ራሷም አላየችውም። ሻሹ የለም።

ታዲያ የት ሄደ? ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው? አይደለም። ፕሮግራሙ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል። መልሱን ለማግኘት ሁለቱን ፋይሎች ከፍተን ውስጣቸውን ማየት አለብን።

ሲቢዜድ ማለት ስሙን የቀየረ ዚፕ ነው

ስሙ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ሲቢዜድ ውስጥ ምንም ምሥጢር የለም። «ሲቢ» የሚሉት ፊደላት «ኮሚክ ቡክ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጭር መጠሪያ ናቸው። «ዜድ» ደግሞ ዚፕን ይወክላል። ዚፕን ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ከረጢት አስሮ የሚያስቀምጥ ጥቅል ነው። ፊል ካትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕሮግራም ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው። እስከ ዛሬ ድረስ ማንኛውንም ዚፕ ፋይል ከፍታችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይቶች ብታዩ የምታገኙት «ፒ» እና «ኬ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸው። ሲቢአር የሚባል ወንድምም አለው። እሱ ከዚፕ ፋንታ ራር በሚባለው ሌላ የጥቅል ዓይነት የታሰረ ነው።

እስቲ ሞክሩት። አንድ ሲቢዜድ ፋይል ገልብጡና መጨረሻው ላይ ያለውን ቅጥያ ወደ ዚፕ ቀይሩት። ከዚያ ክፈቱት። ምን ታያላችሁ? ተራ ፎቶዎች! አንድ ገጽ አንድ ፎቶ፣ 24 ገጽ 24 ፎቶ። ሌላ ምንም የለም። «ይህ ምዕራፍ አንድ ነው»፣ «ይህ ንግግር ነው»፣ «ይህ ሻሽ ነው» የሚል መረጃ የለም። የኮሚክ ማንበቢያ ፕሮግራም የሚሠራው ፎቶዎቹን በስማቸው ተራ አሰልፎ አንድ በአንድ ማሳየት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፎቶዎቹ ብዙ ጊዜ ጄፔግ ስለሆኑ ቀድሞውኑ የታመቁ ናቸው። ዚፑ ከዚያ በላይ ሊያሳንሳቸው አይችልም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ የዚፕ ሥራ ማሰር ነው እንጂ ማሳነስ አይደለም።

ሞቢ ግን ለጽሑፍ የተወለደ ነው

ሞቢ ከሌላ ዘመን የመጣ ነው። ሞቢፖኬት የሚባል የፈረንሣይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ተመሠረተ። ሥራው በእጅ መዳፍ በሚያዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ መጽሐፍ ማስነበብ ነበር። በዚያን ጊዜ ታዋቂው የመዳፍ ኮምፒውተር ፓልም ነበርና ሞቢ የፓልምን የፋይል አሠራር ወረሰ። አማዞን ሞቢፖኬትን እ.ኤ.አ. በ2005 ገዛው። የመጀመሪያው ኪንድል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ለገበያ ሲቀርብም ያነብ የነበረው የሞቢን ዘር ነው።

የፓልም ውርስ ምን ማለት ነው? ፓልም ፋይልን እንደ አንድ ረጅም ጨርቅ አያየውም። «ሬኮርድ» በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። ጽሑፉ በ4,096 ባይት እየተቆረጠ ይታመቅና በየሬኮርዱ ይገባል። አንድ ሬኮርድ ደግሞ ከ64 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም ነበር። ለጽሑፍ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለሥዕል ግን ጠባብ በር ነው። አንድ ሥዕል በአንድ ሬኮርድ ውስጥ መግባት ስላለበት የአንድ ገጽ ሥዕል በሙሉ ከ64 ኪሎባይት በታች መሆን ነበረበት። ኋላ የመጡ መሥሪያ ፕሮግራሞች ይህን ጣሪያ ከፍ አድርገውታል፤ የአስተሳሰቡ ሥር ግን ያው ነው።

ሌላም አስቂኝ ነገር አለ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ለመጽሐፉ ስም የተተወው ቦታ 32 ባይት ነው። ከዚያ ላይ አንዱ ለመዝጊያ ይውላል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ 31 የእንግሊዝኛ ፊደል ሲገባ፣ የአማርኛው 10 ላይ ያልቃል! ሞቢ ሙሉውን ስም ሌላ ቦታ ላይ ጨምሮ የሚያስቀምጠው ወዶ አይደለም።

ትልቁ ልዩነት ግን ይህ ነው። የጽሑፍ መጽሐፍ እንደ ውኃ ነው፤ በምትሰጡት ዕቃ ልክ ይፈስሳል። ፊደሉን ብታተልቁ መስመሩ ይታጠፋል፣ የገጹ ቁጥር ይጨምራል፣ ታሪኩ ግን አይጎዳም። ሞቢ የተሠራው ለዚህ ነው። ኮሚክ ግን እንደ ድንጋይ ነው። ሣጥኑ፣ ሥዕሉ፣ ንግግሩ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ድንጋይን በጠባብ በር ለማስገባት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ መጥረብ። ስንጠርብ ደግሞ የሚወድቅ ነገር አለ።

ቀዩና አረንጓዴው እንዴት አንድ ሆኑ?

አሁን ወደ ሻሹ እንመለስ። የአያትየው ኪንድል እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ናት። ስክሪኗ 600 በ800 ፒክስል ነው፤ ቀለም የላትም። ያላት 16 ደረጃ ግራጫ ብቻ ነው፤ ከጥቁር እስከ ነጭ። (የመጀመሪያዋማ 4 ደረጃ ብቻ ነበራት።)

ስለዚህ መቀየሪያው ፕሮግራም እያንዳንዷን ባለቀለም ነጥብ ወደ ግራጫ መለወጥ አለበት። እንዴት ይለውጣል? ኮምፒውተር ላይ አንድ ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል፦ ስንት ቀይ፣ ስንት አረንጓዴ፣ ስንት ሰማያዊ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ዓይናችን ለአረንጓዴ ብርሃን በጣም ንቁ ነው፣ ለቀይ ያነሰ፣ ለሰማያዊ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ። በዚህ ምክንያት የተለመደው ቀመር እንዲህ ይላል፦

ግራጫ = 0.299 × ቀይ + 0.587 × አረንጓዴ + 0.114 × ሰማያዊ

ልጆቹ ሻሹን የቀቡት በቀይ 200፣ አረንጓዴ 30፣ ሰማያዊ 30 ነበር። እናስላው፦ 59.8 + 17.6 + 3.4። ድምሩ 81 ገደማ ነው።

ቁጥቋጦው ደግሞ ቀይ 40፣ አረንጓዴ 110፣ ሰማያዊ 40 ነበር። እሱስ? 12.0 + 64.6 + 4.6። ድምሩ... 81 ገደማ!

አያችሁ? ለእኛ ዓይን አንዱ እሳት፣ አንዱ ቅጠል ነው። ለቀመሩ ግን ሁለቱም 81 ናቸው። ሻሹ አልተሰረዘም፤ ከቁጥቋጦው ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ተደብቋል። ሦስት ቁጥር ወደ አንድ ቁጥር ሲጨመቅ ብዙ የተለያዩ ቀለሞች አንድ ቤት ውስጥ መግባታቸው የግድ ነው። የትኛው ቀለም ለታሪኩ እንደሚያስፈልግ ደግሞ ፕሮግራሙ አያውቅም።

የሠርገኛ ጤፍ ዘዴ

16 ግራጫ ሌላም ጣጣ አለው። ልጆቹ የሳሉት ሰማይ ከላይ ጠቆር ብሎ ወደ ታች ቀስ እያለ የሚነጣ ነበር። በ256 ደረጃ ሲታይ ልስልስ ነው። በ16 ደረጃ ሲሆን ግን እንደ ደረጃ ድንጋይ ሰፋፊ መስመሮች ይታዩበታል።

ለዚህ መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1976 የተጻፈ የሮበርት ፍሎይድና የሉዊስ ስታይንበርግ ዘዴ ነው። ነገሩን በጤፍ አስቡት። ነጭና ቀይ ጤፍ ሲደባለቅ ሠርገኛ ይባላል። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ነጩ ነጭ፣ ቀዩ ቀይ ነው። ከራቅ ብላችሁ ስታዩት ግን መካከለኛ ቀለም ይሆናል። ኮምፒውተሩም ልክ እንደዚያ ያደርጋል። የሚፈልገው ግራጫ ከሌለው ጠቆር ያሉና ነጣ ያሉ ነጥቦችን ያደባልቃል። ለአንዷ ነጥብ ሲያጠጋጋ የተፈጠረውን ስሕተት አይጥለውም፤ ለጎረቤቶቿ ያካፍላል፦ ከ16 እጅ 7ቱን በስተቀኝ ላለችው፣ 5ቱን ከታች ላለችው፣ 3ቱን ከታች በስተግራ፣ 1ዱን ከታች በስተቀኝ ላለችው። 7 እና 5 እና 3 እና 1 ሲደመር 16 ነው፤ ምንም አይባክንም።

ይህ ዘዴ ሰማዩን ያድናል። ሻሹን ግን አያድነውም፤ ምክንያቱም ሁለቱም 81 ከሆኑ ሁለቱም የሚያገኙት ያንኑ ድብልቅ ነው።

ፊደሉስ ለምን ተደባለቀ?

አያትየው ሁለተኛ ቅሬታ ነበራቸው አይደል? «ፊደሉ ይደባለቅብኛል።»

የልጆቹ ገጽ በኮምፒውተር ላይ 1,200 በ1,800 ፒክስል ነው። ስክሪኗ 600 በ800 ናት። ሙሉውን ገጽ ለማስገባት ቁመቱ ከ1,800 ወደ 800 መውረድ አለበት፤ ወደ 44 በመቶ ማለት ነው። ወርዱም አብሮ ወደ 533 ይወርዳል። የንግግሩ ፊደል ቁመቱ 20 ፒክስል ነበር፤ አሁን 9 እንኳን አይሞላም።

የእንግሊዝኛ ፊደል በዚህ መጠን እየታገለም ቢሆን ይነበባል። የእኛ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ቡ» እና «ቢ»ን አስተያዩ። ልዩነታቸው በቀኝ በኩል ያለችው ትንሽ ጭረት ወገብ ላይ ናት ወይስ እግር ላይ የሚለው ብቻ ነው። ያቺ ጭረት 3 ፒክስል ውፍረት ከነበራት አሁን 1.3 ሆናለች። አንድ ፒክስል ከሦስት አሥረኛ ደግሞ የለም፤ ወይ አንድ ነው ወይ ደብዛዛ ነው። እንግዲህ ሰውየው «ቡና» ይሁን «ቢና» በግምት ነው የሚያነቡት። ጄፔግ ደግሞ ሥዕሉን በ8 በ8 ፒክስል ሣጥን እየከፈለ ስለሚያምቅ፣ በጣም ሲጨመቅ የፊደሉ ጠርዝ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ነገር ይበትናል። በላዩ ላይ ኪንድሏ ራሷ በገጹ ዙሪያ ባዶ ጠርዝ ትተዋለች፤ ሥዕሉ ከዚያም ትንሽ ያንሳል።

ለፍትሕ ያህል አንድ ጥሩ ነገር ልናገር። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ተራ የኢ-መጽሐፍ፣ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያልተጫነለት መሣሪያ ላይ ሲከፈት ባዶ ሣጥን ብቻ ያሳያል። ኮሚክ ግን ፊደሉም ሥዕል ስለሆነ ምንም ጭነት አያስፈልገውም። ስለዚህ ችግሩ የመጠን ነው እንጂ የመታየት አይደለም። የመጠን ችግር ደግሞ መላ አለው።

ታዲያ ምን አደረግን?

ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብለን እንደገና ሠራነው። እናንተም የራሳችሁ የሆነ፣ ወይም ባለቤቱ የፈቀደላችሁ ኮሚክ ካላችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ዋናውን ፋይል ቅጂ አደረግን። ዋናው አይነካም፤ ሥራው ሁሉ ቅጂው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀለሙን አስተካከልን። ገጽ 17 ላይ ቁጥቋጦውን ፈዘዝ አደረግነው፦ ቀይ 150፣ አረንጓዴ 200፣ ሰማያዊ 100። በቀመሩ ስታሰሉት 174 ገደማ ይመጣል። ሻሹ 81፣ ቁጥቋጦው 174። አሁን ቀለም ባይኖርም ጥቁር ሻሽ በነጣ ቅጠል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌሎቹንም ገጾች ኮምፒውተር ላይ ወደ ግራጫ እየቀየርን አንድ በአንድ ፈተሽን።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን ገጽ ከመሃሉ ለሁለት ከፈልነው። ግማሹ 1,200 በ900 ይሆናል። ይህን በጎኑ ስናዞረው 900 በ1,200፤ ይህ ደግሞ ልክ እንደ ስክሪኑ የ3 ለ4 ምጥጥን አለው! ወደ 600 በ800 ሲወርድ የሚያንሰው ወደ 67 በመቶ ብቻ ነው። ፊደሉ ከ9 ወደ 13 ፒክስል አደገ። አያትየው ኪንድሏን አጋድመው ይይዟታል፤ በቃ። መሃሉ ላይ ሣጥን የሚቆረጥባቸው ሦስት ገጾች ነበሩ፤ እነሱን በሣጥኖቹ ድንበር ሦስት ቦታ ከፈልናቸው።

አራተኛ፣ ስም አወጣን። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ስምን የሚደረድሩት እንደ መዝገበ ቃላት ነው እንጂ እንደ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ «ገጽ 10» ከ«ገጽ 2» በፊት ይመጣል፤ ምክንያቱም 1 ከ2 ይቀድማል። መድኃኒቱ ዜሮ መጨመር ነው፦ 001-1፣ 001-2፣ 002-1 እያሉ መቀጠል። እንደ ጃፓን ኮሚክ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ ይህንን ለፕሮግራሙ መንገር ያስፈልጋል። አለበለዚያ ጥንድ ገጾችን ሲከፍል መልሱን ከጥያቄው በፊት ያመጣዋል።

አምስተኛ፣ ሁሉንም ዚፕ አድርገን ቅጥያውን ወደ ሲቢዜድ ቀየርን። ካሊበር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፈትነው። ካሊበር እ.ኤ.አ. በ2006 ኮቪድ ጎያል በሚባል ሕንዳዊ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ምንጩን አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ነው። (ከበሽታው ስም ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው!) የሚሄድበት መሣሪያ ኪንድል፣ የሚወጣው ፋይል ሞቢ ይሁን ብለን አዘዝን። የተገኘውን ፋይል በዩኤስቢ ገመድ ኪንድሏ ውስጥ «ዶኩመንትስ» በሚለው ፎልደር ገለበጥነው።

ዋናውን አትጣሉ

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሞቢ እያረጀ ነው። አማዞን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 በሌላ አዲስ ዓይነት መተካት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ደግሞ አንባቢዎች ወደ ኪንድል የሚልኩትን ኢፐብ የሚባል የተለመደ ፋይል ይቀበላል። የሲቢዜድ ውስጥ ግን ተራ ፎቶዎችና ዚፕ ናቸው፤ ነገ አዲስ መሣሪያ ቢመጣ የሚከፍተው አይጠፋም። ስለዚህ ሞቢው ለአያት፣ ሲቢዜዱ ለዘለዓለም።

መለወጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መንገድ መሆኑንም አትርሱ። 81 የሆነውን ግራጫ ዓይታችሁ «ይህ ቀይ ነበር ወይስ አረንጓዴ?» ብትሉ መልስ የለም። ከሞቢው ተነሥቶ የመጀመሪያውን ቀለም የሚመልስ ቀመር የለም። ሻሹ ቀይ እንደነበር የሚያውቁት ዋናው ፋይልና የሠሩት ልጆች ብቻ ናቸው።

አያትየው በማግስቱ ኪንድሏን አጋድመው በረንዳው ላይ አነበቡት። ገጽ 17 ሲደርሱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ «አሃ! ሻሿ እዚህ ቀርቶ ነዋ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁ፦ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ» አለች የእህቴ ልጅ። ያቺን አንዲት ቃል ሞቢው ሊነግራቸው ስላልቻለ በሁለተኛው እትም ላይ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ንግግር ጨመረች፦ «ተመልከቱ፣ ቀይ ሻሿ!»